ኤስካሌተር የሚፈራ ተሳፋሪ መንገዱን አስቀድሞ ይወቅ፦ ለዋሽንግተን ሜትሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ሜትሮፖሊታን አካባቢ የትራንዚት ባለሥልጣን (ሜትሮ)
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን እድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማኅበራት

ጉዳዩ፦ ኤስካሌተር ሳይረገጥ ወደ ባቡር የሚያደርሰው መንገድ ለተሳፋሪዎች አስቀድሞ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ዊተን አካባቢ የምኖር፣ ሥራዬም መሀል ዋሽንግተን የሆነ የባቡራችሁ የዘወትር ተሳፋሪ ነኝ። ኤስካሌተር እፈራለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ፈገግ ከሚሉት መካከል የገዛ ልጆቼም አሉበት። ደብዳቤውን የምጽፈው ስለ አንድ ሠራተኛ ወይም ስለ አንድ ቀን ብልሽት አቤት ለማለት አይደለም። ከቤቱ የሚወጣ ሰው ኤስካሌተር ሳይረግጥ ከመንገድ ዳር እስከ ባቡሩ፣ ከባቡሩም እስከ መድረሻው የሚሄድበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ከመነሣቱ በፊት እንዲያውቅ እንዲደረግ ለመጠየቅ ነው። በጣቢያዎቻችሁ ሁሉ ሊፍት አለ፣ በብዙዎቹም የእግር ደረጃ አለ፤ ስለዚህ ከምጠይቀው የሚበልጠው አዲስ ግንባታ ሳይሆን ያለውን በግልጽ ማሳወቅ ነው።

ፍርሃቱን ለማያውቀው ሰው በጥቂቱ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ካልተብራራ ግን ጥያቄዬ የቅብጠት ይመስላል። ወደ ላይ የሚወጣው ኤስካሌተር ለብዙዎቻችን ይሻላል፤ የሚያስጨንቀው የሚወርደው ነው። ከላይ ቆሞ ላስተዋለው ሰው፣ ደረጃዎቹ ማበጠሪያ ከሚመስሉት የብረት ጥርሶች ሥር አንድ በአንድ ጠፍጣፋ ሆነው ይወጣሉ፣ ለአፍታ ያህል ወለል መስለው ይሄዳሉ፣ ከዚያም ጠርዝ ጠርዛቸው እየለየ አንዱ ከሌላው ዝቅ ይላል። እግር ማረፍ ያለበት በዚያች አፍታ ውስጥ ነው። እግሩ በሁለት ደረጃዎች መጋጠሚያ ላይ ቢያርፍ ወለሉ ከሥሩ ይከፈላል፤ እጅ ቀድሞ መደገፊያውን ቢይዝና እግር ቢዘገይ ደግሞ እጅ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ያልፈዋል። እኛ ግን "አሁን" ስንል ደረጃው ያልፋል፣ "የሚቀጥለው ይሁን" ስንል እሱም ያልፋል፤ ከኋላችን ሰው ይሰለፋል፣ ሰው በተሰለፈ ቁጥርም እግራችን ይበልጥ ይታሰራል። መዳፍ ያልበዋል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ዞሮ መመለስም ሰልፉን ገፍቶ መውጣት ስለሚጠይቅ ሌላ እፍረት ይሆናል።

እንደምንም ተረግጦ ከተገባ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በከተማችን ደንብ የቆመ ሰው በቀኝ ይሆናል፣ የሚራመደው በግራ ያልፋል፤ ደንቡ ለሚቸኩል ሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዐይኑን ከፊት ለፊቱ ካለች አንዲት ደረጃ ላይ ተክሎ፣ እስትንፋሱን ይዞ ለሚወርድ ሰው ቦርሳው ትከሻውን እየነካ የሚሮጥ መንገደኛ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ለመገመት ፈሪ መሆን አያስፈልግም።

ይህ የልብ ድክመት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥናት እጠቅሳለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሬይኖልድስና ብሮንስታይን የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ ደጋግመው እንዲወጡ ካደረጉ በኋላ ወለሉን አቆሙት፤ እንደማይንቀሳቀስም በግልጽ ነገሯቸው። ሰዎቹ ይህን እያወቁም ወደ ወለሉ ሲወጡ ፈጠን ብለው ረገጡ፣ አካላቸውም ወደ ፊት ተወዛወዘ። አእምሮ ያወቀውን እግር ወዲያው አይሰማም ማለት ነው። ግኝቱ ለመሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቅመው አንድ የተለመደ አሠራርን ስለሚነካ ነው፦ ኤስካሌተር ሲበላሽ አጥፍቶ "እንደ ደረጃ ተጠቀሙበት" ማለት በየትም ከተማ ያለ ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ተሳፋሪ ግን የቆመ ኤስካሌተር ደረጃ አይሆንለትም። የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከተለመደው ደረጃ ይበልጣል፤ መጀመሪያና መጨረሻው አካባቢ ደግሞ እርከኖቹ እያነሱ ስለሚሄዱ አንዱ ከሌላው እኩል አይደለም። የለመደ እግር የሚሰናከለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በፍርሃቱ የተያዝነው ሰዎችም አንድ ዓይነት አይደለንም። ከፍታ የሚያዞረው አለ፤ ከፍታው ምንም ሳይሆን የመርገጫዋ ቅጽበት ብቻ የምታስፈራው አለ፤ ልብሱ ወይም ጫማው ይያዛል ብሎ የሚሰጋ አለ፤ አንድ ጊዜ ወድቆ ወይም ሰው ሲወድቅ አይቶ የቀረ አለ። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የተሠራ መነጽር ሲያደርጉ ወደ እግራቸው የሚመለከቱት በታችኛው በኩል ነውና የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዝባቸዋል። ፍርሃታቸው መሠረት የለሽ ነው እንዳይባልም በኤስካሌተር ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች የሚበዙት መውደቅ ናቸው፤ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አዛውንት ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሁላችንም በየቤታችን እናውቃለን።

የወገኖቼን ነገር ለብቻው ማንሣት ያለብኝ በዚህ ላይ ነው። የልጅ ልጅ ለማየት ወይም ለአራስ ጥሪ ከኢትዮጵያ የሚመጡ እናቶች ዕድሜያቸውን በሙሉ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ በእግራቸው ከእኔ የሚፈጥኑ ናቸው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚንቀሳቀስ ደረጃን መጀመሪያ ያዩት ግን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ከኤስካሌተሩ አፍ ሲደርሱ ቀሚሱን በአንድ እጅ ይሰበስባሉ፣ በሌላው እጅ የነጠላውን ዘርፍ ይይዛሉ፤ መደገፊያውን የሚይዙበት ሦስተኛ እጅ የለም። በደረጃው ግራና ቀኝ፣ ከግድግዳው ሥር የተደረደረውን ብሩሽ አይታችሁ ይሆናል፤ ጫማ መጥረጊያ የሚመስላቸውና በእርግጥም ጫማቸውን የሚወለውሉበት ወጣቶች አሉ፤ የተቀመጠው ግን እግርና ልብስ በደረጃውና በግድግዳው መካከል ካለው ክፍተት እንዲርቅ ነው። ክፍተቱ ባይኖር ብሩሹም ባላስፈለገ ነበር። ነጠላዋን የምትሰበስበው እናት የምትፈራው የሌለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሠፈሬ ልምጣ። የዊተን ጣቢያ በ1990 ተከፍቷል። ከመንገድ ወደ ታች የሚወስደው ኤስካሌተሩ 230 ጫማ፣ ማለትም 70 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነው፤ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ከሚሄዱት ኤስካሌተሮች ውስጥ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ይባላል። ቆሞ ለሚወርድ ሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። ከላይ ያለ ሰው ታች ያለውን ሰው ፊት አይለይም፤ ደረጃዎቹ ወደ አንድ ነጥብ እየጠበቡ የሚሄዱ መስለው ይታያሉ፣ የመብራቶቹም ረድፍ አብሮ ይወርዳል። ጎብኚዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹታል፤ እኔ ከበላዩ አልቆምም። ጥልቀቱ የመጣው ባቡሩ በዚያ ክፍል ጠንካራ አለት ውስጥ ተቦርቡሮ እንዲያልፍ በመደረጉ ነውና፣ ያንን ያህል ከፍታ በእግር ደረጃ ይወጣ ብሎ የሚከራከር የለም። ሊፍት ግን አለ፤ እኔም ሥራ የምገባው በእሱ ነው።

ከዊተን ወደ ከተማው ሲኬድ ቀጣዩ ጣቢያ ፎረስት ግሌን ነው። 196 ጫማ ወይም 60 ሜትር ያህል ከመሬት በታች የሚገኝ፣ በመላው የሜትሮ መስመር ከሁሉ የጠለቀው ጣቢያ ነው። ለኤስካሌተር እጅግ ስለጠለቀ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ጎረምሳውም አዛውንቱም፣ ፈሪውም ደፋሩም፣ የሚወርደው በስድስት ፈጣን ሊፍቶች ነው። ስለዚህ ከሁሉ የጠለቀው ጣቢያ ኤስካሌተር ለሚፈራ ሰው ከሁሉ የቀለለ ሆኖ ተገኝቷል። እዚያ ሊፍት ውስጥ ስገባ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፣ ምክንያትም አልደረድርም፤ በአንድ ሊፍት ላይም ስላልተንጠለጠልኩ አንዱ ቢቆም ሌላው አለ። (ሊፍት የምትፈራ አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ፎረስት ግሌን አጠገብ ለሥራ ስትሄድ ከዊተን አውቶቡስ ትይዛለች። ለሁለታችንም የሚበጀው ሁለት ዓይነት መንገድ መኖሩ ነው።)

እንግዲህ ይህን ያወቅሁት በሠፈሩ ስለምኖር ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣች እናት፣ ወይም ለሐኪም ቀጠሮ ከአሌክሳንድሪያ የምትመጣ ሴት፣ ዊተን በኤስካሌተር ፎረስት ግሌን ደግሞ በሊፍት መሆኑን ከየት ታውቃለች? በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል በጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ እንደሚመላለስስ ማን ይነግራታል? በካርታው ላይ ሁለቱም ጣቢያዎች በቀይ መስመር ላይ እኩል የተነጠቡ ሁለት ክቦች ናቸው። የቤተስዳ ኤስካሌተርና በዱፖንት ሰርክል በኪው ስትሪት በኩል ያለው መግቢያም ረጃጅሞች ናቸው፤ የካርታው ክብ ግን ስለነሱም አይናገርም።

በስልክ ላይ የጉዞ መንገድ ሲፈለግ "ለዊልቼር ምቹ" የሚል ምርጫ ማየት የተለመደ ነው። ምርጫው ተገቢ ነው፣ መኖሩም የግድ ነው። የእኛ ፍላጎት ግን ከዚያ ይለያል፦ ዊልቼር የሚጠቀም ሰው ደረጃ መውጣት አይችልም፣ እኛ እንችላለን፤ አብዛኛዎቻችን ሃምሳ እርከን ደረጃ በደስታ እንወጣለን። የዊልቼሩ ምርጫ ደረጃን ሁሉ ስለሚሰርዝ፣ መሄድ የምንችልበትን መንገድም አብሮ ይሰርዝብናል፤ ሊፍቱንም ያለ በቂ ምክንያት እንድናጣብብ ያደርገናል። ስለዚህ በጉዞ ማቀጃችሁም ሆነ በየጣቢያው መረጃ ላይ "ያለ ኤስካሌተር" የሚል ራሱን የቻለ ምርጫ እንዲቀመጥ፣ በእሱም ሥር የትኛው መግቢያ የእግር ደረጃ እንዳለው፣ ሊፍቱ በየትኛው መንገድ ማዕዘን እንደሚገኝ፣ ከመንገድ እስከ ካርድ መንኪያው በር አንድ ሊፍት፣ ከዚያ እስከ ባቡሩ ሌላ ሊፍት የሚያስፈልግ ከሆነም ይኸው እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ባቡር የሚቀየርባቸው እንደ ሜትሮ ሴንተር፣ ጋለሪ ፕሌስና ላንፋንት ፕላዛ ያሉ ጣቢያዎች የበለጠ ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ ከላይኛው ወለል ወደ ታችኛው መውረድ የሚያስፈልገው ተሳፋሪ በሰው ጎርፍ መሀል ቆሞ ዙሪያውን የሚያይበት ፋታ የለውም።

ሊፍት ለጥገና ሲቆም መሥሪያ ቤታችሁ ማስታወቂያ እንደሚያወጣና ከቅርቡ ጣቢያ የሚያመላልስ አውቶቡስ እንደሚያቀርብ አውቃለሁ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በማስታወቂያው ላይ "ደረጃ መውጣት ለሚችሉ ተሳፋሪዎች በዚህ በኩል የእግር ደረጃ አለ" ወይም "የለም" የሚል አንድ መስመር ይታከልበት። ያቺ መስመር ብዙ ሰው ከአመላላሽ አውቶቡሱ ወረፋ ታወጣለች፤ ቦታው በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰውም ይተርፋል።

"ለጥቂት ፈሪዎች ተብሎ ይህ ሁሉ" የሚል ካለ፣ የራሳችሁን ታሪክ ላስታውስ። የሜትሮ ጣቢያዎች መጀመሪያ ሲታቀዱ ሊፍት አልነበረባቸውም። አካል ጉዳተኞችና ማኅበሮቻቸው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረቡት፣ ተከራክረውም አስወሰኑ። ማርች 27 ቀን 1976፣ የመጀመሪያው መስመር ሲመረቅ አምስት ጣቢያዎች ብቻ ተከፈቱ፤ በመካከላቸው የነበረው ጋለሪ ፕሌስ ሊፍቱ ስላልተጠናቀቀ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተዘግቶ ቆየ። ባቡሩ በእሱ ውስጥ ሳይቆም እያለፈ ወራት ተቆጠሩ፤ የተከፈተው ዲሴምበር 15 ነው። ዛሬ በዚያ ሊፍት የሚወጡት በዊልቼር የሚሄዱ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበቱን የታመመ ሽማግሌ፣ እኔም ጭምር ነን። የተከራከሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ስለዚህም ሊፍት ውስጥ ቦታ ሲጠብብ ቅድሚያ የእነሱ መሆኑን ማንም ሊነግረን አይገባም፤ ዊልቼር ሲመጣ ወጥተን ቀጣዩን እንጠብቃለን።

ሌላው ጉዳይ የሚመለከተው ሠራተኞቻችሁን ነው። በጣቢያ መስኮት ውስጥ የሚቀመጡ ሠራተኞች "ሊፍቱ የት ነው?" ተብለው ሲጠየቁ ጠያቂው በሁለት ጤነኛ እግር ቆሞ ቢያዩትም ምክንያቱን እንዳይጠይቁ በሥልጠናቸው ውስጥ ይካተት። ሰው ስለ እግሩ ቢጠየቅ ይመልሳል፤ ስለ ፍርሃቱ ሲጠየቅ ግን፣ በተለይ ከኋላው ሌላ ሰው እየሰማ፣ "ተዉት ግድ የለም" ብሎ መሄድን ይመርጣል። የሄደው ሰው ደግሞ ወይ ታክሲ ይይዛል፣ ወይ ቀጠሮውን ይተዋል። ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ሜትሮአክሰስ የተባለው አገልግሎት ለዚህ መልስ አይሆንም፤ የባለሙያ ማረጋገጫና የቀደመ ቀጠሮ የሚፈልግ፣ ከእኛ የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ያሉበት ነው። እኛ በባቡር መሄድ እንችላለን፤ የምንፈልገው ወደ ባቡሩ የሚያደርስ ደጅ ነው።

ግንባታን በተመለከተ አጭር ቃል አለኝ። ሮዝሊን ጣቢያ በ2013 ሦስት ፈጣን ሊፍቶች ያሉት አዲስ መግቢያ ሲከፈትለት፣ ቀድሞ በረጅሙ ኤስካሌተር ይጨናነቅ የነበረው ሰው ሌላ አማራጭ አገኘ። በፎጊ ቦተም መግቢያ ኤስካሌተሮቹ በአዲስ ሲተኩ የእግር ደረጃም አብሮ ተሠራ። በቤተስዳም ፐርፕል ላይን ከተባለው አዲስ የባቡር መስመር ጋር ተያይዞ የሚሠራው ደቡባዊ መግቢያ በሊፍት የሚወረድበት ነው። ከ600 በላይ ኤስካሌተሮች እያረጁ በተራ ይታደሳሉና፣ በየእድሳቱ ከፍታው በሚፈቅድበት መግቢያ ሁሉ አንዱ ኤስካሌተር በእግር ደረጃ ቢተካ ምን ያህል ሰው እንደሚጠቀም በጥናታችሁ ይታይ። ደረጃ ሞተር የለውም፤ መለዋወጫም አይጠብቅም።

ስለ ቋንቋም ልጨምር። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያስረዱት ያዛል፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሜትሮ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የጋራ ተቋም እንጂ የከተማው መሥሪያ ቤት አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሕጉን እንደ ግዴታ አላነሣውም። የማነሣው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን፣ በዩ ስትሪትና በአሌክሳንድሪያ አውቶቡስና ባቡር ውስጥ አማርኛ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ስለሌለ ነው። "ሊፍት በዚህ በኩል" የሚል ቀስትና ሦስት የአማርኛ ቃላት በጥቂት ጣቢያዎች መግቢያ ላይ ቢለጠፉ ወጪው ኢምንት ነው፤ እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ግን ልጇን ከሥራ አስፈቅዳ ሳታስመጣ ብቻዋን ትሄዳለች።

ግልባጭ የደረሳችሁ ወገኖቼም የምትሠሩት አለ። በየኤስካሌተሩ አፍ የማየው አንድ ነገር አለ፦ የቆመችውን እናት ልጅ ወይም ዘመድ "አይዞሽ፣ ምንም አይደል!" እያለ ክንዷን ይዞ ወደ ፊት ይስባታል። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ሚዛኗን የምትጠብቅበትን እጅ የያዘባት እሱ ነው፣ እግሯ የሚያርፍበትንም ቅጽበት የሚመርጥላት እሱ ነው። መውረድ የግድ ከሆነ ከእሷ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ፊቱን ወደ እሷ ማዞር፣ መደገፊያውን ራሷ እንድትይዝ መተው፣ የነጠላዋን ዘርፍና የቀሚሷን ጫፍ አስቀድሞ መሰብሰብ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከቤት ሳይወጡ ሊፍቱ የት እንደሆነ አጣርቶ በዚያ በኩል መውሰድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢጨምር ነው። ፍርሃቱ እንደሚታከምም እወቁ፤ በባለሙያ እገዛ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ከአጭር ኤስካሌተር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚደረገው መለማመድ ብዙ ሰዎችን ረድቷል፣ እኔም ጀምሬዋለሁ። ሕክምናው የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራና የሐኪም ቀጠሮ ግን ነገ ጠዋት ነው፣ እስከዚያ ድረስ በሌላ መንገድ መሄድ የሰነፍ ምልክት ተደርጎ አይቆጠር።

እድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናቱ በሌላ በኩል የሚያግዙበት መንገድም አለ። የሰርግ፣ የተዝካርና የስብሰባ ጥሪ ስታወጡ "በሜትሮ ለምትመጡ" ብላችሁ የጣቢያውን ስም ብቻ ከምትጽፉ፣ ሊፍቱ በየትኛው ጥግ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩበት። ሜትሮ መረጃውን እስኪያሟላ ድረስ እኛው ለእኛው እንንገር።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ካነሣኋቸው ሁሉ በቅድሚያ እንዲፈጸም የምለምነውን ለይቼ ልንገራችሁ። በዊተን ጣቢያ፣ ከኤስካሌተሩ አፍ በፊት፣ ሰው ገና ሰልፍ ሳይገባ በሚያየው ቦታ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በአማርኛ ሁለት ነገር የሚናገር ሰሌዳ ይተከል፦ ሊፍቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሊፍቱ ከቆመም ወደ ፎረስት ግሌን የሚወስደው አውቶቡስ ከየትኛው ማቆሚያ እንደሚነሣ። ሰሌዳውን ለመትከል የሚያስፈልግ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀትና ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር ለማረም ፈቃደኛ መሆኔን በዚሁ አስታውቃለሁ፤ መልሳችሁንም በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዊተን ነዋሪና የቀይ መስመር ተሳፋሪ